የአንድ የበጋ ቀን ሦስት ክፍሎች፦ ሥራ፣ ግዢና ዕረፍት



ወደ ምክር ክፍላችን ከሚደውሉት እኅቶች ብዙዎቹ የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ። «ከማዳም ቤት ወጥቼ ውጪ ብሠራ አይሻለኝም ወይ?» ይላሉ። ጥያቄው ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ እኔም ለዓመታት በሰው ቤት ሠርቻለሁ። የራስ ክፍል፣ የራስ ቁልፍ፣ እሑድ ከጓደኛ ጋር ቡና፤ ይህን የማይመኝ የለም። ነገር ግን ውጪ የምትሠራን እኅት ከበረንዳ ላይ ሆነን ስናያት የሚታየን ቦርሳዋን አንጠልጥላ ስትሄድ ብቻ ነው። ሙሉ ቀኗ አይታየንም።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ቤይሩት አካባቢ በአንድ ትምህርት ቤት በጽዳት የምትሠራ ኢትዮጵያዊት በበጋ ወራት አንድ ተራ ቀን እንዴት እንደምትውል ላሳያችሁ እፈልጋለሁ። ይህች እኅት አንዲት ሴት ብቻ አይደለችም። በዚህ ሥራ ላይ ያሉ ብዙ እኅቶች የነገሩኝን አንድ ላይ አድርጌ ነው የማቀርበው። ሰዓቱን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ጽፌዋለሁ። ውጪ ለመሥራት ለምታስቡም፣ በሰው ቤት ለምትኖሩም፣ በሪያድም ሆነ በዱባይ ላላችሁም የሚጠቅም ነገር ታገኙበታላችሁ ብዬ አምናለሁ።

ተማሪ የለም፣ ሥራው ግን አለ

በአገራችን ትምህርት ቤት የሚዘጋው ክረምት ሲገባ ነው። እዚህም በዚያው ወራት ይዘጋል፤ ልዩነቱ እናቶቻችን ዝናብ ሲያዩ እኛ ሙቀት ማየታችን ነው። በጁላይና በኦገስት በቤይሩት ዳርቻ ሙቀቱ 30 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። ቁጥሩ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ከባሕሩ የሚመጣው እርጥበት ላቡ ከሰውነት ላይ እንዳይደርቅ ያደርጋል። ሰውነታችን የሚቀዘቅዘው ላቡ ሲተን ስለሆነ፣ ላቡ ሳይተን ሲቀር ሙቀቱ ውስጣችን ይቀራል።

ልጆቹ ስለሌሉ ሥራው የሚቀልል ይመስላል። የሚሠሩት እኅቶች ግን የሚሉት ሌላ ነው። በትምህርት ወራት ሥራው ተደጋጋሚ ነው፤ ኮሪደር ይወለወላል፣ ሽንት ቤት ይታጠባል፣ ቆሻሻ ይወጣል። በበጋ ግን ዓመቱን ሙሉ ያልተነካው ሁሉ ይነካል። ዴስኮች ከክፍል ይወጣሉ፤ ከሥራቸው የተለጠፈው ማስቲካ ይፋቃል፤ ግድግዳ ይታጠባል፤ መጋረጃ ይወርዳል፤ የቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ አንድ በአንድ ይወለወላል። በዚህ ላይ ተማሪ ስለሌለ ብዙ ቦታ ጄኔሬተሩ ይጠፋል። ከ2019 ጀምሮ በመጣው የኢኮኖሚ ቀውስ የመንግሥት መብራት እጅግ ስላነሰ፣ ጄኔሬተር ከሌለ ማቀዝቀዣም አሳንሰርም የለም ማለት ነው። ውሃ የተሞላው ባልዲ ሦስት ፎቅ በእጅ ይወጣል።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት

እኅታችን የምትኖረው ነብዓ በሚባለው የቡርጅ ሐሙድ ሰፈር ነው። አንድ ክፍል ለሦስት ተከራይተዋል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ትነሣለች፤ ምክንያቱ የሥራ ሰዓት ብቻ አይደለም። ሌሎቹ ሳይነሡ ውሃ ሳይጠፋ መታጠብ፣ ምሳ መቋጠር፣ ሁለት ጠርሙስ ውሃ መሙላት አለባት። ሁለቱን ጠርሙሶች ማታ ማቀዝቀዣው በረዶ ቤት ውስጥ ታስቀምጣቸዋለች። ሌሊት መብራት ከኖረ ጠዋት በረዶ ሆነው ይገኛሉ፤ እስከ እኩለ ቀን ድረስ ቀስ እያሉ ይቀልጡላታል።

ቁርስ ሳትበላ አትወጣም። ሻይ በዳቦ ቢሆንም ትበላለች፤ በባዶ ሆድ በሙቀት መሥራት ቶሎ ያዞራል። 12 ሰዓት ላይ ወደ ዶራ አደባባይ በእግር ሄዳ ቫን ትይዛለች። ትምህርት ቤቱ ከከተማው በላይ ባለው ተራራ ዳር ስለሆነ መንገዱ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ሲመለሱም እንዲሁ። «የምሠራው 8 ሰዓት ነው» የምትል እኅት ቀኑን ስትቆጥር ይህን ሁለት ሰዓት መርሳት የለባትም። ደመወዝ ባይከፈልበትም ጉልበት ይከፈልበታል።

ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት፦ ሥራ

ልምድ ያላት የጽዳት ሠራተኛ በበጋ ሥራዋን የምትደለድለው በክፍል ቁጥር አይደለም፤ በፀሐይ ነው። ይህን ዘዴ በሰው ቤት የምትሠሩም ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ።

የላይኛው ፎቅ ጣሪያ ሌሊቱን ስለሚቀዘቅዝ መጀመሪያ ጠዋት ይሠራል። ከሰዓት በኋላ ጣሪያው ግሎ እንደ ምጣድ ይሆናል። በጠዋት ፀሐይዋ የምትመታው ምሥራቁን ወገን ስለሆነ፣ በዚያ ሰዓት በምዕራብ በኩል ያሉትን ክፍሎች ማጽዳት ነው፤ ከእኩለ ቀን በኋላ ወደ ምሥራቁ መዞር። ግቢ መጥረግ፣ በረንዳ ማጠብና ዴስክ መሸከም ከ4 ሰዓት በፊት ያልቃል። ምድር ቤትና ጥላ ያለበት ሥራ ለእኩለ ቀን ይቀመጣል። በቤትም እንዲሁ ነው። ካውያ ከማንሣትሽ፣ ምድጃ ከመለኮስሽና ጣሪያ ላይ ልብስ ከማስጣትሽ በፊት ሰዓቱን ተመልከቺ። ማዳም «አሁን ካውዪ» ካለች፣ «ጠዋት በ12 ሰዓት ልካውየው፣ እስክትነሺ ያልቃል» ብለሽ ብትጠይቂ ብዙዎቹ አይከለክሉም፤ ሥራው እንዲያልቅላቸው ነው የሚፈልጉት።

ሁለተኛው ነገር መድኃኒት ነው። የበጋ ጽዳት ያለ በረኪና አይሆንም፤ በዚህ አገር ክሎር ወይም ጃቬል ይሉታል። በረኪናን ከሽንት ቤት አሲድ ጋር ስታቀላቅዪው መርዘኛ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። አሞንያ ካለበት የመስታወት ማጽጃ ጋር ሲቀላቀልም ሌላ አደገኛ ጋዝ ይፈጠራል። በተዘጋ ሽንት ቤት ውስጥ ይህ ጋዝ ሳንባን ያቃጥላል። «ሁለቱን ብቀላቅል የበለጠ ያጸዳል» የሚለው አባባል ውሸት ነው። አንዱን ተጠቅመሽ፣ በብዙ ውሃ አጥበሽ፣ ከዚያ ሌላውን ተጠቀሚ። በረኪና የሚበጠበጠው በቀዝቃዛ ውሃ ነው። መስኮት ክፈቺ፣ ጓንት አድርጊ። ስያሜ የሌለው ጠርሙስ ውስጥ ያለውን ነገር አትጠቀሚ፤ አንቺም በለስላሳ ጠርሙስ ውስጥ መድኃኒት አታስቀምጪ።

ሦስተኛው የምሳ ዕረፍት ነው። የሊባኖስ የሥራ ሕግ በ1946 የወጣ ነው። በሳምንት ከ48 ሰዓት በላይ ማሠራት አይፈቅድም፤ ሴት ሠራተኛ ከ5 ሰዓት በላይ የምትሠራ ከሆነ በመካከሉ ቢያንስ የአንድ ሰዓት ዕረፍት እንዲሰጣት፣ በሳምንትም ሳይቆራረጥ 36 ሰዓት እንድታርፍ ያዛል። በትምህርት ቤት ወይም በጽዳት ድርጅት ስም በሕጋዊ መንገድ የተቀጠረች ሴት በዚህ ሕግ ትዳኛለች። የቤት ሠራተኞችን ግን የዚሁ ሕግ 7ኛ አንቀጽ ያስቀራቸዋል። ስለዚህ ኢቃማዋ ላይ «የቤት ሠራተኛ» ተብሎ ተጽፎ በትምህርት ቤት የምትሠራ እኅት፣ ሥራዋ ያንኑ ቢሆንም፣ መብቷን ለመጠየቅ እጅግ ይከብዳታል። ወደዚህ ነገር በኋላ እመለሳለሁ።

እኅታችን ከ6 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት ምሳዋን ትበላለች። ከናጡሩ ክፍል አጠገብ ጥላ አለ፤ እዚያ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ከፍ አድርጋ ትቀመጣለች። ያች አንድ ሰዓት ስልክ ለማየት ሳይሆን እግር ለማሳረፍ ነው ትላለች።

ውሃና ሙቀት

በሙቀት የሚሠራ ሰው እስኪጠማ መጠበቅ የለበትም። በየ15 እና 20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ ያህል መጠጣት ይበቃል፤ አንድ ጊዜ ብዙ ከመጠጣት በየጊዜው ትንሽ ትንሽ ይሻላል። ሽንትሽ ቢጫው ከደመቀ ውሃ አንሶሻል ማለት ነው። ብዙ እኅቶች ሽንት ቤት ላለመመላለስ ሲሉ ውሃ ይተዋሉ፤ ይህ ኩላሊትን ይጎዳል።

ብዙ ላብ፣ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የጡንቻ ቁርጠት ሲመጣ ሰውነት «በቃኝ» እያለ ነው። ሥራ አቁመሽ ጥላ ውስጥ ገብተሽ ጋደም በዪ፤ አንገትሽና ብብትሽ ላይ እርጥብ ጨርቅ አድርጊ፤ ውሃ በትንሽ በትንሹ ጠጪ። በአገራችን ጤና ጣቢያ የሚሰጠውን ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ታውቂዋለሽ። እሽጉ ከሌለ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጠሽ መጠጣት ትችያለሽ። ማንኪያው ልሙጥ ይሁን፤ ጨው አታብዢ።

ለአሠሪሽ በዐረብኛ መናገር ካስፈለገሽ፣ በሊባኖስ «አና ዳይኻ» ማለት «ዞሮብኛል» ማለት ነው፤ «ባዲ ኢርታሕ ሽዋይ» ማለት «ትንሽ ማረፍ እፈልጋለሁ» ማለት ነው።

ጓደኛሽ ንግግሯ ከተዘባረቀ፣ ራሷን ከሳተች ወይም ሰውነቷ እንደ እሳት ከጋለ ግን ሞት የሚያመጣ የሙቀት ሕመም ሊሆን ይችላል። በሰውነቷ ላይ ውሃ እያፈሰስሽ አምቡላንስ ጥሪ፤ ራሷን ለሳተች ሰው በአፍ ምንም አትስጪ። የአምቡላንስ ቁጥር በሊባኖስ 140፣ በሳዑዲ 997፣ በኤምሬት 998፣ በኩዌት 112፣ በኳታር 999 ነው። ቁጥሩን ዛሬውኑ ስልክሽ ላይ መዝግቢው።

ከ10 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት፦ ግዢ

እኅታችን 9 ሰዓት ላይ ከሥራ ትወጣለች፤ 10 ሰዓት ላይ ዶራ ትደርሳለች። በየቀኑ ግን አትገዛም። ለአንድ ቀን የሚሆን የምትገዛ ሴት በየቀኑ ከዕቅዷ ውጪ አንድ ነገር ይዛ ትገባለች። ስለዚህ ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ተነጋግረው ሩዙን፣ ምስሩን፣ ዘይቱንና ሽንኩርቱን በወር ሁለት ጊዜ በጋራ ይገዛሉ። ቲማቲምና አትክልት በሳምንት ሁለት ቀን ይገዛል። በርበሬና ሽሮ ከአገር ቤት በሚመጣ ሰው ይላካል፤ እንጀራ ደግሞ ቅዳሜ ዶራ ካሉት የሐበሻ ሱቆች ይገዛል።

በበጋ አንድ ተጨማሪ ሕግ አላቸው፤ ሥጋና ዶሮ ለሳምንት አይገዛም። መብራት ሲጠፋ ማቀዝቀዣው ሣጥን ብቻ ነው። የእሑዱ ዶሮ እሑድ ይገዛል፣ እሑድ ያልቃል። የተሠራ ወጥ ከ2 ሰዓት በላይ በሙቀት ውጪ ከቆየ አይበላም፤ አንድ ድስት ወጥ መድፋት ያሳዝናል፣ በሆድ ሕመም ሦስት ቀን ከሥራ መቅረት ግን ከዚያ ይበልጣል። የሚጠጣ ውሃም ከቧንቧ አይደለም፤ በትልቁ ጠርሙስ ይገዛል፣ ወጪውም ከወሩ በጀት ውስጥ ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ ለአዲስ መጪዎች ግር የሚል ነገር አለ። በሱቁ ዋጋው በዶላር ተጽፎ መልሱ በሊራ ይሰጣል። ከቀውሱ በፊት አንድ ዶላር በ1,507 ሊራ ነበር የሚመነዘረው፤ ከ2023 ወዲህ ግን በገበያው 89,500 ሊራ አካባቢ ላይ ቆይቷል። የ100,000 ሊራ ኖት ከአንድ ዶላር ጥቂት ብቻ ይበልጣል ማለት ነው። የዜሮው ብዛት አያስደንግጥሽ፤ መልስሽን ቆመሽ ቁጠሪ፣ ሳትቆጥሪ ከሱቅ አትውጪ።

ደመወዝ የተቀበለችበት ቀን ግዢ ለብቻው ነው። ገንዘቡን በአራት ፖስታ እንድትከፍለው እመክራለሁ። አንደኛው ለቤት ኪራይ፣ ለጄኔሬተርና ለውሃ። ሁለተኛው ለምግብና ለመጓጓዣ። ሦስተኛው ለሰውነትሽና ለወረቀትሽ፤ ማለት ለሕክምና፣ ለመድኃኒት፣ ለኢቃማና ለፓስፖርት ዕድሳት። አራተኛው ለአገር ቤት። ብዙዎቻችን አራተኛውን አንደኛ እናደርገዋለን። ከልብ የመጣ ነውና ማንም አይፈርድብንም። ነገር ግን አገር ቤት ያሉት የሚበሉት ከአንቺ ጉልበት ነው፤ ሦስተኛው ፖስታ ባዶ ሆኖ የታመምሽ ቀን የእነሱም ፖስታ ባዶ ይሆናል። ለቤተሰብ የተወሰነ ገንዘብ በተወሰነ ቀን እንደምትልኪ አስቀድመሽ ንገሪያቸው። «በየወሩ በ5ኛው ቀን ይህን ያህል እልካለሁ» ማለት በየሳምንቱ «እስቲ አያለሁ» ከማለት ለእነሱም ለአንቺም ይቀላል።

ለትምህርት ቤት ሠራተኞች ደግሞ የተለየ ጥያቄ አለ። አንዳንድ ቦታ ደመወዝ የሚከፈለው ለትምህርት ወራት ብቻ ነው፤ አንዳንዱ በበጋ በቀን ሒሳብ ይከፍላል። ይህን በጁላይ መስማት ከባድ ነው። በሜይ ወር ላይ «ጁላይና ኦገስት ሥራ አለ ወይ? ስንት ይከፈለኛል?» ብለሽ ጠይቂ፤ መልሱን በስልክ መልእክት እንዲጽፉልሽ አድርጊ።

ከ12 ሰዓት በኋላ፦ ዕረፍት

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ማታ 12 ሰዓት ላይ እኅታችን ቤት ገብታለች። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምሮ 13 ሰዓት ቆማለች። በሰው ቤት የምትኖር ሴት «በቃ አሁን የራሷ ጊዜ ነው» ትላለች። እውነት ነው፤ ግን በዚህ ሰዓት ነው ስልኩ የሚጮኸው። «ከ1 እስከ 4 ሰዓት የሚጸዳ ቤት አለ፣ ትመጫለሽ?»

ውጪ የሚሠሩ እኅቶች ትልቁ ፈተና ይህ ነው። በማዳም ቤት ዕረፍት የሚነሣን ሌላ ሰው ነው። ውጪ ስንወጣ ዕረፍት የሚነሣን የለም፤ የሚሰጠንም የለም። ኪራዩ፣ የአገር ቤት ጥያቄና የወረቀት ዕዳ አንድ ላይ ሆነው በራሳችን እጅ ያስነሡናል። ያን ጊዜ ከቤት መውጣታችን ከድካም መውጣት ሳይሆን ድካሙን የራሳችን ማድረግ ብቻ ይሆናል።

ሒሳቡን እናድርገው። የሦስት ሰዓት የምሽት ሥራ ከመሄጃና ከመመለሻ ጋር አምስት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ማታ 5 ሰዓት የተኛች ሴት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ስትነሣ የተኛችው 6 ሰዓት ነው፤ ያውም በሙቀት፣ ማራገቢያ በሌለበት ክፍል። አንድ ቀን ችግር የለውም። አምስት ቀን ሲሆን ግን ሰውነት ያበደረንን ያስከፍለናል።

አንዲት እኅት በአንድ የበጋ ወቅት እንዲህ ትሠራ ነበር። ቀን በትምህርት ቤት፣ በሳምንት አምስት ምሽት ደግሞ በሁለት ቤቶች። ወንድሟ ኮሌጅ ሊገባ ስለነበር የምዝገባውን ገንዘብ ለመሙላት ቆርጣ ተነሥታ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ባልዲ ይዛ ደረጃ ስትወርድ ዞሮባት ወደቀች፤ የእጇ አንጓ ተሰበረ። ስድስት ሳምንት እጇ በጀሶ ታሰረ፣ ለእነዚያ ሳምንታት ማንም አልከፈላትም። በምሽት ሥራ ያገኘችው ሁሉ ለሐኪምና ለኪራይ አለቀ፤ የወንድሟም ምዝገባ በዚያ ዓመት አልሆነም። ይህን የምናገረው እሷን ለመውቀስ አይደለም። ያደረገችው በፍቅር ነው። ነገር ግን ፍቅሯ የጉልበቷን ልክ አልጠየቀም ነበር።

እጇ ከዳነ በኋላ አብረን ተቀምጠን አንድ ወረቀት ላይ ሳምንቷን ከፋፈልን። የምሽት ሥራውን ፈጽሞ አልተወችም፤ ልትተወው አትችልም ነበር። በሳምንት ሁለት ምሽት ብቻ፣ ያውም በእግር በሚደረስበት ቤት እንዲሆን ወሰነች። እሑድ ሥራ የለም። ዕረፍቱን እንደ ኪራይ ቆጠረችው፤ የተወሰነ ቀን ያለው፣ የማይዘለል ነገር አደረገችው። የወንድሟ ገንዘብ በአንድ ዓመት ዘግይቶ ሞላ።

ለመሆኑ ዕረፍት ማለት ምንድን ነው? አልጋ ላይ ሆኖ እስከ እኩለ ሌሊት ስልክ ማየት ዕረፍት አይደለም። እኅታችን ቤት እንደገባች እግሯን በቀዝቃዛ ውሃ ትነክራለች፣ ትታጠባለች፣ ለግማሽ ሰዓት ጋደም ትላለች። ከዚያ እራት ከጓደኞቿ ጋር ትበላለች። ቡና የሚፈላው ቅዳሜ ከሰዓትና እሑድ ነው፤ በሥራ ቀን ማታ የተጠጣ ቡና እንቅልፍ ይነሣል። ወደ ቤተሰብ የምትደውለው 2 ሰዓት ላይ ነው። በበጋ የሊባኖስና የኢትዮጵያ ሰዓት እኩል ስለሆነ እናቷም እራት በልታ ተቀምጣለች። 3 ሰዓት ላይ ስልኩ ከራስጌ ይርቃል። በእርጥብ ፎጣ አንገቷን ጠቅልላ፣ መስኮት ከፍታ ትተኛለች። ከ3 እስከ 11 ሰዓት 8 ሰዓት ነው፤ ይህ ቅንጦት አይደለም፤ ነገ ደረጃ ላይ የሚያቆማት እሱ ነው።

እሑድ ደግሞ ሌላ ነው። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን የምትሄድ ትሄዳለች፤ ከዚያ ፀጉር ይሠራል፣ ዶሮ ይሠራል፣ ቡና ይፈላል፣ በአማርኛ ይሳቃል። ሰው በቋንቋው ሳይስቅ የዋለባቸው ቀናት ሲበዙ ድካሙ ከእግር ወደ ልብ ይወጣል። በምክር ክፍላችን ከምናያቸው እኅቶች ብዙዎቹን ያጠቃቸው ሥራው ብቻ አይደለም፤ ብቸኝነቱ ጭምር ነው።

በሰው ቤት ለምትኖሩ

«እኔ በማዳም ቤት ነኝ፣ ይህ ለእኔ ምን ይጠቅመኛል?» ትዪ ይሆናል። ለአንቺም የተጻፈ ሕግ አለ። በሊባኖስ ከ2009 ጀምሮ ያለው ወጥ የሥራ ውል የቤት ሠራተኛ በቀን ከ10 ሰዓት በላይ እንዳትሠራ፣ ሌሊት ሳይቋረጥ 8 ሰዓት እንድታርፍ፣ በሳምንት 24 ሰዓት ዕረፍት እንዲኖራት ይላል። በኩዌት የ2015ቱ ሕግ ቁጥር 68 በቀን ከ12 ሰዓት በላይ ማሠራትን ይከለክላል፣ ሳምንታዊ ዕረፍትም ይሰጣል። በኳታር የ2017ቱ ሕግ ቁጥር 15 በቀን 10 ሰዓትና በሳምንት የ24 ሰዓት ዕረፍትን ይደነግጋል። በኤምሬት የ2022ቱ የቤት ሠራተኞች ሕግ በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን ከሙሉ ክፍያ ጋር ይፈቅዳል።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች በበጋ እኩለ ቀን ላይ የውጪ ሠራተኞች በፀሐይ እንዳይሠሩ የሚከለክል ደንብም አለ። በኤምሬት ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል እስከ 9 ሰዓት፣ በኳታር ከጁን 1 እስከ ሴፕቴምበር 15 ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ተኩል ነው። ይህ ደንብ የወጣው ለግንባታና ለመሰል ሥራ ነው እንጂ ለቤት ሠራተኛ አይደለም። ሆኖም በዚያ ሰዓት ጣሪያ ማጠብ ወይም መኪና ማጠብ ሲታዘዝሽ፣ መንግሥታቸው ራሱ ያንን ሰዓት አደገኛ ብሎ እንደሚያውቀው አስታውሺ፤ በትሕትና «ማታ ላድርገው» ማለት ትችያለሽ።

ሕግ መኖሩ በየቤቱ ይፈጸማል ማለት እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ አንድ ነገር አድርጊ። ትንሽ ደብተር ያዢ። በየቀኑ ሦስት መስመር ጻፊ፤ ሥራ የጀመርሽበትን ሰዓት፣ የጨረስሽበትን ሰዓት፣ ያረፍሽበትን ሰዓት። ቀኑንና ወሩን አትርሺ። ደመወዝ የተቀበልሽበትንም ቀን ጻፊ። ይህ ደብተር ነገ በቆንስላ ወይም በሥራ ቢሮ ፊት ስትቆሚ ከአፍ ቃል ይልቅ ይሰማል። ለራስሽም ቢሆን ቀንሽ የት እንደሚሄድ ያሳይሻል።

ከመውጣትሽ በፊት

«ልውጣ ወይስ ልቆይ?» ለሚለው ጥያቄ እኔ ከዚህ ሆኜ መልስ አልሰጥሽም። የምትደበደብ፣ የምትደፈር፣ የምትራብ ወይም ደመወዟ የተከለከለ እኅት ጥያቄዋ ሌላ ነው፤ እሷ ወደ ቆንስላ፣ ወደ ፖሊስ ወይም ወደ ምክር ክፍላችን ዛሬውኑ ትድረስ። ሕይወቷ ከወረቀት ይቀድማል።

ለሌሎቻችሁ ግን ጥቂት ነገር ልበል። በከፊል ሥርዓት ኢቃማሽ የታሰረው ከአሠሪሽ ጋር ነው። ያለ ተናዙል ከቤት ብትወጪ የመኖሪያ ፈቃድሽን ታጫለሽ፤ መንገድ ላይ ብትያዢ መታሰርና መባረር ይመጣል። ስለዚህ የትምህርት ቤት ሥራ የሚሰጥሽ ሰው ሲመጣ እነዚህን ጠይቂው። ከፊሌ የሚሆነው ማነው? ኢቃማዬ ላይ የሚጻፈው ሥራ ምንድን ነው? ዝውውሩን በውል አዋዋይ ፊት ማን ይጨርሰዋል፣ ወጪውስ የማነው? ክፍያው በወር ነው ወይስ በቀን? በበጋ ይቀጥላል ወይ? ብታመም ወይም ብጎዳ ማን ይከፍላል? «ችግር የለም፣ ኋላ እናስተካክለዋለን» የሚል መልስ መልስ አይደለም።

በመጨረሻም አንድ ወረቀት አንሺና 24 ሰዓቱን በሦስት ክፈዪው። መንገዱንም ጨምረሽ ለሥራ ስንት ሰዓት? ለግዢና ለቤት ጉዳይ ስንት? ለዕረፍት ስንት? መጀመሪያ የዕረፍቱን ጻፊ፤ ከዚያ በቀረው ላይ ሥራውን አስገቢ። ሥራው ካልገባ፣ የቀረበልሽ ሥራ ከአንድ ሰው ጉልበት በላይ ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ ሌላ ፈልጊ ወይም ደውዪልን፣ አብረን እንቁጠረው።